አምስተኛው ቅጂ

ሥራ የተቀጠርኩት ዕቃ ተሸክሜ ስገባ ነው። ከወሎ መጥቼ መቐለ ገበያ ውስጥ በሸክም እሠራ ነበር፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ጠዋት ስድስት ካርቶን ወረቀት ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ፊት ለፊት ወዳለ መጠረዣ ቤት አድርስ ተባልኩ። ባለቤቱ አቦይ ሐጎስ ይባላሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርቶኑን የት እንደማወርደው ቆመው ያዩኛል።

ወለሉ እርጥብ ነበር። ጥግ ላይ ሁለት ጣውላ አየሁና አጋደምኳቸው፤ ካርቶኑን እላያቸው ላይ ደረደርኩ።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ማንም። ወለሉ እርጥብ ነው።»

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና» አሉ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር። ስሜን የጠየቁኝ በሳምንቱ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ «ወዲ ወሎ» ነበር የሚሉኝ፣ የወሎ ልጅ ለማለት።

በማግሥቱ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ። አንድ ክምር ወረቀት ሰጡኝና «ደርድር» አሉ። ሥራው ይኼ ነው፦ ገጹን በቁጥሩ ታስከትላለህ፤ ከዚያ ክምሩን በአራቱም ጎን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳለህ፣ ጠርዙ አንድ እስኪሆን። ቀኑን ሙሉ ሳንኳኳ ዋልኩ። ሊዘጉ ሲሉ «ነገስ?» አልኳቸው።

«ነገም።»

ስድስት ወር ሌላ ሥራ ሳልነካ አንኳኳሁ።

በቤቱ ሦስት ማዕረግ ነበር፦ ደርዳሪ፣ ሰፊ፣ ጠራዥ። ሰፊ በወስፌ ይበሳል፣ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል። ጠራዥ ኮላ ይቀባል፣ ካርቶንና ልባስ ያለብሳል፣ ጀርባው ላይ የወርቅ ፊደል ያትማል፤ መቁረጫውን የሚነካም እሱ ብቻ ነው። መቁረጫው በእጅ የሚሠራ የድሮ ብረት ነው፤ አምስት ሰው አያነሣውም። ሰፊ ለመሆን ሁለት ዓመት፣ ጠራዥ ለመሆን ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ከእኔ ጋር የተቀጠረ አንድ ሰው በሦስት ዓመቱ ጠራዥ ሆነ፣ በአራተኛው የራሱን ቤት ከፈተ። እኔ ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ይኼን የምነግራችሁ ቀጥሎ ስለ ስኬት ስለማወራ ነው፤ ኋላ አልነገርከንም እንዳትሉ።

አቦይ ሐጎስ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሥራ ሲመጣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስምና ቁጥር ይጽፋሉ፣ ከዚያ ለሁለት ይቀዱታል። ግማሹን ለባለቤቱ፣ ግማሹን መጽሐፉ ውስጥ። በመቀስ አይቆርጡም፤ በእጅ ነው የሚቀዱት። በመቀስ የተቆረጠ ከማንኛውም ይገጥማል፣ በእጅ የተቀደደ ግን ከገዛ ግማሹ ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው።

አንድ ቀን ስለ አንድ ሥራ «ጨርሻለሁ» አልኳቸው።

«ባለቤቱ ወሰደው?»

«ገና ነው። ግን ተሰፍቷል፣ ተለብጧል፣ ደርቋል...»

«እንግዲያ አልጨረስክም። ወደይ፣ ባለቤቱ ያልተረከበው ሥራ አላለቀም።»

ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ሲቆጡም ሲደሰቱም ወደይ ይሉኛል፤ የምለየው በድምፃቸው ነበር። ያን ቀን ቁጣ ነበር።

የቤታችን ዋና ሥራ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ተማሪው ከየአገሩ ይመጣል፤ ከሐዋሳ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከጅማ። አማርኛ የሚናገር ሲገባ አቦይ ሐጎስ «ወዲ ወሎ፣ ሰዎችህ መጡ» ይሉኛል። የሐረሩም የጅማውም ሰዎቼ ሆኑ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤቱ ገበያ ይመስላል። ሁሉም ይቸኩላል፤ ሁሉም ነገ ነው የሚያስረክበው። ሁለት ዓመት ያመነታበትን ጽሑፍ በሁለት ሰዓት ጠርዝልኝ ይላል።

መቅደስን ያወቅኋት እንዲህ ባለ ወቅት ነው። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጥናቷ ሰው በሕይወቱ እንዲሳካለት ስለሚረዱ ባሕርያት ነበር፤ ትንንሽ ሱቅና የእጅ ሥራ ያላቸውን የከተማውን ሰዎች እየዞረች ትጠይቃለች። ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጠች።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። እኔ አነብልዎታለሁ፤ እርስዎ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም እያሉ ይመልሱልኛል።»

«ሰፍቼ ልመልስ?»

«ይችላሉ። መጀመሪያው፦ አደጋ ለመጋፈጥ አልፈራም።»

«መቁረጫው ጋ ነው ወይስ በአጠቃላይ?»

«በአጠቃላይ።»

«እፈራለሁ።»

«የዛሬ አምስት ዓመት የት መድረስ እንደምፈልግ ዐውቃለሁ።»

«እዚሁ።»

«እዚሁ ማለት?»

«እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ቢቻል መብራቱ ተሻሽሎ።»

«ዕድል ሲመጣ ቶሎ እወስናለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት።

«ይኼ ከምርጫዎቹ የትኛው ነው?»

«አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

መጨረሻው ላይ ምርጫ የሌለው ጥያቄ ነበር፦ ሌሎች ሰዎች የሚያደንቁልዎ ባሕርይ ምንድን ነው? አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። ለባለቤቴ ለዘሃራ ስልክ ደወልኩ።

«ዘሃራ፣ እኔ ላይ የምታደንቂው ነገር ምንድን ነው?»

«አመመህ?»

«ጥናት ነው። ተማሪ ትጠይቀኛለች።»

«ነገር አይጥልም በላት። የተሰበረ ጃንጥላ፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ አንድ እግር ካልሲ፣ ሁሉም እዚህ ቤት ነው። ይምጡና ያጥኑት።»

መቅደስ ድምፁ ይሰማት ስለነበር ሳልነግራት ጻፈችው። ከዚያ ነጥቤን ደመረች። ደግማ ደመረች።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት። ትንሽ ከአማካይ በታች ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ብዙ» አለች።

በዓመቱ ዲፌንሷን ጨርሳ ለጥረዛ መጣች። አምስት ቅጂ ነው የሚጠረዘው። ፈታኞቹ የፈረሙት በአንዱ ላይ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹን የፊርማ ገጽ እኔው በቀለም ፎቶ ኮፒ አባዛሁት። ማሽኑ አዲስ ነበር፤ ሰማያዊውን ቀለም ቁርጥ አድርጎ ያወጣዋል። ፊርማ ያለበት ዋናው ቅጂ ለሬጅስትራር ይገባል፤ እሱ ካልገባ ዲግሪ የለም። አምስቱንም ሰፋሁ፣ ለበጥኩ፣ ጥቁር ልባስ ላይ በወርቅ ስሟን አተምኩ። ብጣሹን ወረቀት ቀድጄ ግማሹን ሰጠኋት። የምትወስድበትን ቀን ቆረጥን።

ቀኑ ሳይደርስ ጦርነት ተጀመረ። ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ። የሌላ አገር ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲወጡ እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ማን እንደሄደ ማን እንደቀረ አላየሁም። ሱቁ መደርደሪያ ላይ የአሥራ አንድ ተማሪ ሥራ ቀረ። አምስት አምስት ቅጂ፣ ሃምሳ አምስት መጽሐፍ።

ሱቃችን ሁለት ጊዜ ተሰበረ። በመጀመሪያው ፎቶ ኮፒውንና ፕሪንተሩን ወሰዱ። በሁለተኛው ወንበሮቹን። መቁረጫውንም ሞክረውት ነበር፤ ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ተጎትቶ ቆሟል። መጻሕፍቱን ማንም አልነካቸውም። ወላሂ፣ ተናደድኩ። የስንት ሰው ዕድሜ ያለበት ነገር ነው፤ ወንበር ይበልጠዋል?

የእጅ ጋሪ ተውሼ ሃምሳ አምስቱንም ወደ ቤቴ ወሰድኩ። የተከራየሁት ቤት እንዳ ኢየሱስ የሚባለው ሰፈር ዳገቱ ላይ ነው። ጋሪውን እየገፋሁ ስወጣ ጎረቤቶቼ ዱቄት መስሏቸው ወጡ። መጽሐፍ መሆኑን ሲያዩ አዘኑልኝ።

ሰው «ወሎዬ ነህ፣ ያኔ ለምን አገርህ አልገባህም?» ይለኛል። ጀግንነት የሚመስለው አለ። መንገዱ ዝግ ነበር። ደግሞ አልጋዬ ሥር የሰው ዕቃ አለ፤ ሃምሳ አምስት መጽሐፍ ይዞ በእግር አይኬድም።

አቦይ ሐጎስ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አያቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ዐይናቸው ደክሞ በድምፅ ነበር የሚለዩኝ።

«ወደይ፣ የተማሪዎቹ ሥራ?»

«አለ፣ አቦይ።»

«እርጥበት ያገኘዋል?»

«ጣውላ ላይ ነው።»

«ጽቡቕ» አሉ፤ ጥሩ ማለት ነው። በሳምንቱ ዐረፉ። አባቴን ስቀብር እንደዚያ አላለቀስኩም። አባቴን የቀበርኩት ሕፃን ሆኜ ስለነበር ይሆናል፤ ግን አይመስለኝም።

በሁለተኛው ዓመት ቤታችን የሚበላ አለቀ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ታናሿ ስትራመድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ለተብርሃን የምትባል ጎረቤታችን ቆሎና ሽምብራ ቆልታ ትሸጣለች። መጠቅለያ ወረቀት ከከተማው ጠፍቶባት በመዳፍ ትሰፍር ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ኣንታ ሰይድ፣ ያ ጋሪ ሙሉ ወረቀት አለ አይደል? ስጠኝና ሽምብራ ልስጥህ። በየቀኑ አንድ ጣሳ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ።»

«የሰው ነው» አልኳት።

«ሰዎቹ የት አሉ?»

«አላውቅም።»

ለተብርሃን ሄደች። ዘሃራ ቀረች። ዘሃራ አትጮኽም፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ የምፈራውም እሱን ነው።

«ልጅህ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው» አለችኝ።

«አደራ ነው፣ ዘሃራ። አደራ በላ ልባል?»

«ስንት ስንት ናቸው?»

«አምስት አምስት።»

«እያንዳንዱ ውስጥ የተጻፈው ሌላ ሌላ ነው?»

«አንድ ነው።»

«እንግዲያ አንድ አንዱን አስቀርና አርባ አራቱን ስጥ። አደራው አልተበላም፤ ቀጠነ እንጂ።»

የመቅደስን መጠይቅ ዘሃራ ሞልታው ቢሆን ኖሮ የጥናቱ ውጤት ሌላ ይሆን ነበር።

እሺ አልኩ። የሚቀረው ዋናው፣ የፈታኞቹ ቀለም ያለበት መሆን አለበት። መለየቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ ቅጂዎቹን በቀለም ያባዛሁት ራሴ ነኝ፣ ከላይ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። የሙያው ዘዴ ሁለት ነው። በተራ እስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ገጹን ገልብጠህ በጣትህ ትዳስሳለህ፤ የጭረቱ እብጠት ከኋላ ይታወቃል፣ ፎቶ ኮፒ ግን ልሙጥ ነው። በፈሳሽ ቀለም ከተፈረመ እብጠት የለውም። ያኔ ጣትህን ምራቅ ታስነካና የፊርማውን ጅራት፣ ጅራቱን ብቻ፣ ቀስ አድርገህ ትነካለህ። ቀለም ከሆነ ይለቃል። ፎቶ ኮፒ አይለቅም።

መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አንድ በአንድ ጀመርኩ። አሥሩ ተማሪዎች በእስክሪብቶ ያስፈረሙ ነበሩ፤ በዳሰሳ ተለዩ። የቀረው የመቅደስ ነው። ከኋላ ብዳስስ አምስቱም ልሙጥ። አማካሪዋን ጨምሮ ሦስቱም ፈታኞች ቀለም በሚሞላ በአንድ ብዕር ነው የፈረሙት። የውጭ ፈታኙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብዕሩ የሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ጣቴን ምራቅ አስነክቼ የመጀመሪያውን ሞከርኩ፤ አልለቀቀም። ሁለተኛውን፣ አልለቀቀም። ሦስተኛውን፣ አልለቀቀም። አራተኛውን፣ አልለቀቀም። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጅራቱን መንካት ረሳሁ። አራት ጊዜ ደርቆ ስላገኘሁት እጄ ደፈረ፤ አውራ ጣቴን ከነምራቁ የውጭ ፈታኙ ፊርማ መሐል ላይ ጫንኩት። ፊርማው ሰማያዊ ደመና ሆነ። መሐሉ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ቁጭ አለ፣ መስመር በመስመር።

አሁን አንባቢ ይጠይቃል። አራቱ ፎቶ ኮፒ ከሆኑ አምስተኛው ዋናው መሆኑ የታወቀ ነው፤ መሞከር ለምን አስፈለገ? ይኼን ዘሃራም ጠይቃኛለች። አምስት ካለ አምስቱን ነው የማየው።

ገጹን አድርቄ፣ ነጭ ወረቀት ጣል አድርጌበት፣ ዘጋሁት። ከዚያ የአርባ አራቱን ልባስ ገፈፍኩ። የሰፋሁትን ክር በገዛ ምላጬ በጠስኩት። የማፍረስ ሥራ ተምሬ አላውቅም ነበር፤ ከመስፋት ይቀላል።

ለተብርሃን ቃሏን ጠበቀች። ሰፈሩ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፍ ተጠቅልሎ ሽምብራ በላ። አንድ ቀን እኔም የደረሰኝ ስለ ዶሮ በሽታ የሚናገር ገጽ ነበር። ሽምብራውን ለልጆቹ አካፈልኩ፤ ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ታናሿ ልጄ ግድግዳውን ለቀቀች። ሌላው ይቅርና ለዚህ አልሐምዱሊላህ።

ሰላም ሆነ፣ ስልክ ተለቀቀ። የአቦይ ሐጎስ ልጆች ቁልፉን ሰጡኝ፤ አሥራ አንዱን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው መለስኩ። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ጋሼ ሰይድ ነዎት? መቅደስ ነኝ። የመጠይቋ።»

«ከአማካይ በታች ያልሽኝ።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። ነገሩን እያቋረጠች ነገረችኝ። ላፕቶፗ ዶርም ውስጥ ቀርቶ ጠፍቷል። ትምህርት ክፍሉ ጋ የነበረው ፋይልም የለም። አማካሪዋ ከአገር ወጥተዋል፣ የውጭ ፈታኙ ዐርፈዋል። ሐዋሳ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በጊዜያዊነት ታስተምራለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ዲግሪዋን ካላመጣች ቦታው ለሌላ ነው። የቀራት ሁለት ሳምንት ነው። መጽሐፉ ከሌለ ጥናቱን ከሀ መጀመሯ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አቅሙም የላት፣ የጠየቀቻቸው ሰዎችም ግማሾቹ የሉም።

«አለ እንዴ፣ ጋሼ?» አለች። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«አለ።»

«የትኛው?»

«ዋናው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ!» አለች። ስለ ደመናው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ምርቃቷ ፋታ አልሰጠኝም። ፈራሁ ብል ይሻላል።

ልትመጣ አራት ቀን ሲቀራት አንድ ነገር አሰብኩ። የውጭ ፈታኙ ፊርማ ከደመናው ሥር በደንብ ይታወቃል፤ ፎቶ ኮፒውንም ሳባዛ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቀለም የሚሞላ ብዕር ከአንድ ደንበኛ ተዋስኩ። ትርፍራፊ ካርቶን ላይ ሞከርኩት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ቁርጥ የሳቸው ወጣ። እንዲያውም ከሳቸው ይልቅ የሳቸው ይመስል ነበር።

በጣም ደነገጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ይኼን እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። የሞቱ ሰው እጅ ይዤ የማስፈርም ያህል ተሰማኝ። ካርቶኑን መቁረጫው ውስጥ አስገብቼ እንደ ሽንኩርት ከተፍኩትና ጣልኩት። በሕይወቴ ከጣልኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

መቅደስ በአውሮፕላን መጥታ ከቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሱቁ ደረሰች፤ ሻንጣዋን እንኳ አላሳረፈችም። ቀጥናለች። ከሰላምታው በኋላ «ግማሽ ወረቀትሽስ?» አልኳት። ልማድ ነው፤ ሳስበው አፈርኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፈተችና በመታወቂያዋ ላስቲክ ውስጥ ያለውን ብጣሽ አወጣች። ከመጽሐፉ ውስጥ ያለውን አምጥቼ አጋጠምኩት። ገጠመ።

«ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም» አለች።

«አንቺም ከአማካይ በታች ነሽ ማለት ነው።»

መጽሐፉን አቅፋ ትንሽ ቆየች። እንዳቀፈችው መናገር ስለከበደኝ «አስቀምጪውና የፊርማውን ገጽ ግለጪ» አልኳት። ገለጠች። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ።

«ጋሼ! ይኼ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ። ዋናው መሆኑን ስሞክር ነው።» ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋሪውን፣ ሽምብራውን፣ አራቱን፣ አምስተኛውን።

«አራቱ ካለቀቁ አምስተኛውን ለምን ነኩት?»

«ይኼን ዘሃራም ጠይቃኛለች።»

አልሳቀችም። ጥፋቴ ነው አልኩ። መጽሐፉን ይዛ ወደ ሬጅስትራር ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ዐይኗ ቀልቷል። መዝገብ ክፍል ያሉት ወይዘሮ አልቀበልም ብለዋል። በቀለም የተባዛ ገጽ ነው፣ አንዱም ፊርማ ተበላሽቷል፣ እንዲህ ያለውን ዓዲ ሓቂ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ይሠራዋል ብለዋታል። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያሉት ልክ ነው።

ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘጋሁ። ይኼን ከቀብር በቀር አድርጌው አላውቅም።

ወይዘሮዋ ጠና ያሉ፣ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ፊታቸው ቆምኩ። መቅደስ ከኋላዬ ናት።

«አንተ ማን ነህ?»

«ጠራዡ ነኝ። ፊርማውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በምን አበላሸኸው?»

«በምራቅ።»

«ለምን?»

«ዋናው መሆኑን ለማረጋገጥ።»

«ታዲያስ?»

«ተረጋገጠ።»

ከዚያ «እሜቴ፣ ፎቶ ኮፒ አይለቅም» አልኳቸው። «የቀለም ይሁን የጥቁር፣ ምራቅ አይፈታውም። ይኼ ለቋል። አሻራውም የኔ ነው፣ ይመልከቱት።» አውራ ጣቴን ከገጹ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብለው አንዴ ጣቴን፣ አንዴ ገጹን አዩ። እኔ ሌላ የማቀርበው ማስረጃ አልነበረኝም።

ወይዘሮዋ በሩን አዩ። ማንም አልነበረም። ጠቋሚ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ነካ አደረጉና የአማካሪዋን ፊርማ ጅራት፣ ልክ ጅራቱን፣ ነኩት። ጣታቸውን አነሡ። ሰማያዊ ሆኗል። ፊርማውም ጅራቱ ጠፋ።

«ሓቂ እዩ» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው።

አሁን የተበላሹት ፊርማዎች ሁለት ሆኑ። ወይዘሮዋ ይኼን ሲያስተውሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ ዐውቀዋለሁ፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እኔም ላይ ነበር። ወረቀት ሳቡና ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ ፊርማዎቹ ዋና መሆናቸው ተመርምሮ ተረጋግጧል፣ ብልሽቱ የደረሰው በምርመራ ወቅት ነው። እኔ ፈረምኩ፣ መቅደስ ፈረመች፣ እሳቸው ፈርመው ማኅተም መቱ። በእስክሪብቶ ነው ሦስታችንም የፈረምነው።

ግቢው በር ላይ መቅደስ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አላቃተኝም። ዲግሪዋን በአራተኛው ቀን ይዛ ወደ ሐዋሳ በረረች። ቦታውን አገኘች፤ ዛሬም እዚያው ታስተምራለች።

ከመሄዷ በፊት ሱቅ መጥታ መጠይቁን እንደገና ልታስሞላኝ ፈለገች። «ጋሼ፣ ጥናቱ ስለ እርስዎ ተሳስቷል» አለች። ሞላሁ። ደመረች። ከበፊቱም ቀንሷል፤ አደጋ መፍራቱ ብሶብኛል።

«አሁንስ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ያገኘሽውን ጻፊ።»

ይኼ ከሆነ ጥቂት ዓመት ሆነው። አዲስ መጠረዣ የሚከፍቱ ልጆች እየመጡ እንዴት ይሳካልናል ይሉኛል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ተነግሮኝ ነው። ባለቤቱ ያልተረከበው ሥራ አላለቀም።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተወስደዋል። አንዱ ባለቤት አምስት አስጠርዤ አንድ ብቻ ብሎ ተቆጣኝ፤ ልክ ነው፣ አራቱን እንደገና ሠራሁለት። ሁለቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ግማሽ ወረቀታችሁ ቢጠፋባችሁም ኑ። ሱቁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይከፈታል።